ቅዳሜ የማን ናት?

ከሮቫ ዩድ ቤት፣ አሽዶድ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ስለ ሰንበት ነው። እኛ ሰፈር ሻባት የቱ ቀን ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ክርስቲያኖች እርስ በርስ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል።

ለኢትዮጵያ ጳጳስ ትልክ የነበረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት እሑድ ብቻ ነው ትል ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስ ግን ቅዳሜም ይከበር አሉ። መሠረታቸው ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ዘፀአት ምዕራፍ 20 ነው። እውነትም አዲስ ኪዳንን ብታገላብጡ አማኞች እሑድ ሲሰበሰቡ ታገኛላችሁ፤ ሰንበት ወደ እሑድ ተዛወረ የሚል ትእዛዝ ግን የለም። እሑድን በሕግ የዕረፍት ቀን ያደረገው በ321 የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ወጥተው በ1352 በስደት ሞቱ። ተከታዮቻቸው ግን አልተዉትም። በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ቀን እንዲከበር አስወሰኑ።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። ቅዳሜን ያስከበሩት እኚሁ ንጉሥ፣ ቅዳሜን ሲያከብሩ የኖሩትን ቤተ እስራኤልን አሳደዱ። የፈለጉት አንድ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ነበራ! ቅዳሜ የኤዎስጣቴዎስን ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታረቀች፤ አያቶቻችንን ግን አላዳነችም።

ስለዚህ አንድ ትምህርት "መጽሐፍ ላይ አለ ወይ?" ብላችሁ ስትጠይቁ፣ "ማን ወሰነው? ለምን?" ብላችሁም ጠይቁ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ሽማግሌዎቻችንን ሰንበትን በአገር ቤት እንዴት ያከብሩ እንደነበር ጠይቋቸው። ሰንበት ሰላም።