ከኪሱ የከፈለው ማን ነው? (ስለ ጤና ሒሳብ አጭር ታሪክ)

ባለፈው እሁድ የዕድራችን የዓመት ሒሳብ ተነበበ። ጸሐፊው የሐዘን ቤቱን ወጪ በአንድ ድምር ተናግሮ ሊያልፍ ሲል አንድ አባት ከኋላ ተነሱ። "ልጄ፣ ድንኳኑን ያመላለሰው መኪና እዚህ ውስጥ አለ ወይስ ልጆቹ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት?" አሉ። ለካ ልጆቹ ናቸው የከፈሉት። ድምሩ ስህተት የለበትም፣ ግን ሙሉ አይደለም።

ወዳጆቼ፣ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሐኪምም ኢኮኖሚስትም አይደለሁም። ግን የእኚህ አባት ጥያቄ ረጅም ታሪክ እንዳለው ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

"ይህ ሕክምና ከወጪው አንጻር ያዋጣል ወይ?" የሚል ጥናት ዓለም ላይ እየበዛ ሲመጣ አንድ ችግር ተከተለ። አንዱ ተመራማሪ የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ይደምራል፤ ሌላው አልጋውንም የሐኪሙን ደመወዝም ይጨምራል። ሁለቱም "ያዋጣል" ይላሉ። የቱን እንመን?

በ1996 ቢኤምጄ የተባለው የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት 35 ነጥቦች ያሉት መጠየቂያ አወጣ። በ2013 ደግሞ ቺርስ የሚባል 24 ነጥቦች ያሉት መስፈርት በብዙ መጽሔቶች ላይ በአንድ ጊዜ ወጣ። በ2022 ተሻሽሎ 28 ነጥብ ሆነ። መስፈርቱ "እንዲህ አስሉ" አይልም። "እንዴት እንዳሰላችሁ ሳትደብቁ ንገሩን" ነው የሚለው።

ከነጥቦቹ አንዱ፦ ወጪው የተቆጠረው በማን ዓይን ነው? በሆስፒታሉ፣ በመንግሥት ወይስ በበሽተኛው ቤተሰብ?

ሌላው፦ ዋጋው የየትኛው ዓመት ነው? ምንዛሪውስ ስንት ነበር? ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ይቺ የእኛ ናት) ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዓመቱ ያልተጻፈበት ዋጋ ከዚያ በኋላ ምን ይነግረናል?

በ2022 የተጨመረው ደግሞ ከሁሉ ደስ ይለኛል፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች በጥናቱ አሳትፋችኋል ወይ? በምንስ መንገድ?

"ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?" ትሉ ይሆናል። አገራችን በ2019 መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅሏን ስትከልስ 1,018 አገልግሎቶችን ዘርዝራለች፤ 594ቱ ከፍተኛ ቅድሚያ ተሰጣቸው። ለመምረጫ ከዋሉት ሰባት መመዘኛዎች አንዱ ይኸው የወጪና የውጤት ስሌት ነው፤ ቤተሰብን ከድህነት መጠበቅም አንዱ ነበር። ስለዚህ የጥናት ቁጥር ወረቀት ላይ አይቀርም። የትኛው አገልግሎት እንደሚቀድም ሲወሰን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እናቴ ሱሉልታ ትኖራለች፤ የደም ግፊት ክትትሏ አዲስ አበባ ነው። በቀጠሮዋ ቀን ወንድሜ ከቡራዩ ተነስቶ ይወስዳታል። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ የዚያን ቀን ገቢ የለውም። ታክሲው ደርሶ መልስ የሁለት ሰው ነው። አንድ ጊዜ "ሐኪሙ የለም፣ ሳምንት ተመለሱ" ተባሉ። ያ ሁሉ ወጪ እንደገና! በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን የእናቴ ሕክምና ማለት ካርድና መድኃኒት ነው። የወንድሜ የቀን ሥራ የትም አልተጻፈም።

ይሄን ያልቆጠረ ጥናት "በርካሽ ይታከማሉ" ቢል ዋሸ አልልም። ግን በማን ዓይን እንደቆጠረ ይንገረን። በሆስፒታሉ ሒሳብ ርካሽ የሆነው በሱሉልታ ሒሳብ ውድ ሊሆን ይችላልና።

ጤና ላይ የምትመራመሩ ተማሪዎቼ፣ ብዙ ናችሁ አውቃለሁ፣ አደራ። ድምሩን ከማንበባችሁ በፊት እኚያን አባት አስቧቸው። ከኋላ ተነስተው መጠየቃቸው አይቀርም።

መልካም ሳምንት!