የገበያ ስምና የታሪፍ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ግን ስም የሚያወጣለት የታሪፍ መጽሐፉ ነው። ይህን ያስታወሰኝ ሐሙሲት ላይ ያገኘሁት አንድ ነጋዴ ነው።

ሰውየው ከጉማራ ወንዝ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት ለሚያለሙ ገበሬዎች የውኃ መሳቢያ ያቀርባል። ገበያው ዕቃውን በአጭሩ «ሞተር» ይለዋል። እሱም ለጉምሩክ አስተላላፊው «ሞተር ነው» አለ፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ የሠፈረውም የናፍጣ ሞተር ቁጥር 8408 ሆነ። ሳጥኑ ሲከፈት የተገኘው ግን ሞተርና ፓምፕ በአንድ መቀመጫ ላይ የተጣመሩበት መሣሪያ ነው። ቁጥሩ እስኪታረም የመጋዘን ኪራይ ቆጠረበት፤ የመስኖው ወቅትም አልጠበቀውም።

ለመሆኑ ትክክለኛው ኮድ እንዴት ይገኛል? ኤችኤስ የሚባለው አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1983 ብራስልስ ላይ በስምምነት ፀድቆ በ1988 ሥራ ላይ ዋለ። የሚያስተዳድረው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ለሁሉም ተጠቃሚ አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። 8413.70ን ብንወስድ፣ 84 የማሽነሪ ምዕራፍ ነው፤ 8413 የፈሳሽ ፓምፖች፤ 70 ደግሞ ከፓምፖቹ መካከል ሴንትሪፉጋል የሚባሉትን ይለያል።

አመዳደቡ ስድስት የአተረጓጎም ደንቦች አሉት። እንደ ሕግ ባለሙያ የምወደው የመጀመሪያውን ነው፤ የክፍልና የምዕራፍ ርዕስ ለጥቆማ ብቻ ነው፣ የሚወስነው የታሪፍ ቁጥሩ ቃልና የክፍሉ ወይም የምዕራፉ ማስታወሻ ነው ይላል። የክፍል 16 ማስታወሻ 3 ደግሞ ተጣምረው አንድ የሆኑ ማሽኖች በዋና ተግባራቸው እንዲመደቡ ያዛል። የወዳጃችን ዕቃ ዋና ተግባር ውኃ መሳብ ስለሆነ ቦታው 8413 ነው። ያው ሞተር ብቻውን ለመለዋወጫ ቢመጣ ግን ወደ 8408 ይመለሳል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ቀረጡ የሚሰላው በኮዱ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱም የሚታሰበው ቀረጡ ተደምሮ ነው።

ስለዚህ ሻጩ በደረሰኝ ላይ የጻፈውን ኮድ እንዳለ አትቀበሉ፤ የአገሩ ጭማሪ አኃዝ እዚህ አይሠራም፤ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ ማሻሻያ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። የዕቃውን መግለጫ ወረቀት ያዙ፤ ከምን እንደተሠራና ምን እንደሚሠራ ለአስተላላፊያችሁ በጽሑፍ ስጡ፤ ካጠራጠረ ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ይሁን። አስተላላፊው ቢሳሳት ዕዳው የሚመጣው ወደ አስመጪው ነውና።

ቸር እንሰንብት።