ቤቱ ለዕዳ የተሸጠበት ሰው የት ይደር?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! አንድ ነጋዴ ከሰረ እንበል። አበዳሪዎቹ ዳኛ ባለበት ተሰብስበው ቤቱ ተሸጦ ለዕዳው እንዲውል፣ የቀረውንም በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ተስማሙ። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ በጀጎል ውስጥ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ይዞራል። አከራዩ ግን «ለእነዚያ ያልከፈለ ለእኔ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ይህ ጉዳይ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዑለማኦች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መክረውበታል፤ የከተማችንም ታሪክ ያውቀዋል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ኢብኑ አቢ ሐድረድን በመስጊድ ውስጥ ገንዘቡን ጠየቀው። ድምፃቸው ከፍ ባለ ጊዜ ነቢዩ የቤታቸውን መጋረጃ ገልጠው ብቅ አሉና ከዕብ ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት። እርሱም እሺ አለ። ወዲያውም ባለዕዳው ተነስቶ የቀረውን እንዲከፍል አዘዙት። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ፍራፍሬ ገዝቶ ለከሰረ ሰው ሰደቃ እንዲሰበሰብለት አዘዙ። የተሰበሰበው ዕዳውን ሳይሞላ ቢቀር አበዳሪዎቹ የተገኘውን እንዲወስዱ፣ ከዚያ በላይ እንደማይኖራቸውም ነገሯቸው። ቅዱስ ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ 280ኛ አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል።

ታዲያ የከሳሪው መኖሪያ ቤት ይሸጣል ወይስ ይተውለታል? እዚህ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በ1223 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢብኑ ቁዳማ እንደመዘገቡት፣ ኢማም አቡ ሐኒፋና ኢማም አሕመድ የሚኖርበትን፣ ሊያጣው የማይችለውን ቤት አይሸጥም ብለዋል። ኢማም ማሊክና ኢማም ሻፊዒይ ግን ይሸጣል፣ በምትኩም ቤት ይከራይለታል ብለዋል። ሐረር ከጥንት ጀምሮ የሻፊዒይ መዝሀብ አገር ናት። በአካባቢያችን ሲቀራ የኖረው የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ»ም የሚያጸድቀው ቤቱ እንዲሸጥ ነው።

ብይኑ በችኮላ ሲታይ ከባድ ይመስላል። ምክንያቱን ግን እንመልከት። ሊቃውንቱ ቤቱ ይሸጥ ያሉት መጠለያ በኪራይ ማግኘት ስለሚቀል ነው። ይህም ባይሳካስ? የ«ሚንሃጅ» ተንታኞች ለዚህም መልስ አላቸው፦ ኃላፊነቱ በሙስሊሞች ላይ፣ በተለይም በባለጸጎቹ ላይ ይወድቃል። ከተንታኞቹ አንዱ በመካ ይኖሩ የነበሩት ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ናቸው። ይህ ዘመን በእኛ አገር አሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ ጀጎልን በግንብ ያሳጠሩበት 16ኛው ምዕተ ዓመት ነበር። ግንቡ ከተማዋን ከውጭ ጠላት ይጠብቃል፤ ብይኑ ደግሞ በግንቡ ውስጥ ያለው ምስኪን ውጭ እንዳያድር ይጠብቀዋል።

የፍርዱ ሥልጣን ግን እንደነበረ አልቆየም። በአሚሮቹ ዘመን የሐረር ቃዲ ሽያጩንም ውርሱንም ዕዳውንም ያይ ነበር። ከተማዋ በ1887 እ.ኤ.አ. በአፄ ምኒልክ ሥር ገባች። በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የቃዲ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሰሉት ጉዳዮች ተወሰነ፤ የብድር ክርክር የመደበኛው ፍርድ ቤት ሆነ። በሌላው የአገራችን ክፍል ደግሞ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት የቁራኛ ልማድ ለረጅም ዘመን እንደነበረ የታወቀ ነው። የኪራይ ቤቱም ነገር ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ በጀጎል ውስጥም ብዙ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ስድስት ወር በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ባለዕዳ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አከራዩ መጀመሪያውኑ እንዲያከራየው የሚያስገድድ አይደለም።

የአከራዩም ስጋት መናቅ የለበትም። ብዙዎች ከኪራይ በሚያገኙት ገቢ ልጅ ያሳድጋሉ። በፊቅሁም ቢሆን ከሳሪው ንብረቱ ከታገደ በኋላ በራሱ ውል የገባው አዲስ ዕዳ ከቀደሙት አበዳሪዎች ጋር አይካፈልም። ስለዚህ ሸክሙን ለአንድ አከራይ ብቻ ማሸከም ፍትሕ አይሆንም። ሊቃውንቱም ግዴታው የሙስሊሞች ነው ያሉት ለዚህ ነው። ዋስ የሚሆን ዘመድ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ የሚሸፍን አፎቻ ካለ የአከራዩ ፍርሃት ይቀንሳል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱም ባለዕዳ መሆኑ በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ተደንግጓል። አበዳሪዎችም ወርሃዊ ክፍያውን ሲወስኑ የቤት ኪራዩን አስቀድመው ይቁጠሩ፤ መጠለያ የሌለው ሰው ሠርቶ አይከፍልምና። ባለዕዳውም በበኩሉ ያለበትን ዕዳ ለአከራዩ ሳይደብቅ ይንገር፤ ውሉን ያስጽፍ፤ ኪራዩን በቀኑ ይክፈል።

ቤቱ እንዲሸጥ የሚፈቅደውን ብይን ተቀብለን፣ ከጎኑ ያለውን ግዴታ የምንዘነጋ ከሆነ የያዝነው የሕጉን ግማሽ ብቻ ነው። ከዚህ ግማሽ ደግሞ በደል ይወለዳል። ነገ የማን ንግድ እንደሚከስር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ባለዕዳዎቻችንን ከዕዳ ያውጣቸው፤ እኛንም በራችንን ለተቸገረ ከሚከፍቱት ያድርገን። አሚን።