«ቀላል» ዘፈን ለማን ይቀላል?

አማርኛ «ቀላል» በሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ይላል፦ ሸክሙ የማይከብድ፣ ለመሥራት የማያስቸግር፣ ክብር የጎደለው። የድምፅ ተማሪ ለሪሳይታሉ፣ ማለትም ለመድረክ ዝግጅቱ፣ ዘፈን ሲመረጥለት ሦስቱ ይደባለቃሉ። ለጉሮሮ እንዲቀል የታሰበው «ለደረጃው አይመጥንም» ተብሎ ይጣላል፤ ለሳቅ የገባው ደግሞ አያደክምም ተብሎ ልምምድ ይነፈገዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ መምህር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የዘፈኑ ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ ነው የሚል ነው፤ በድምፁ ላይ፣ በቃሉ ላይ፣ ወይስ በመንፈሱ ላይ?

የሙዚቃ ደራሲው ሹበርት እ.ኤ.አ. በ1815፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በገጣሚው ጎተ ግጥም ላይ የሠራውን «ሃይደንሮዝላይን» እንውሰድ። ዜማው አጭር ነው፤ ፒያኖው ዘፋኙን አይጋፋም፤ ድምፁም ከፍታ ላይ ብዙ አይቆይም። ያው ዜማ ግን ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ታሪኩም በየቤቱ ይገፋል፦ ልጁ የሜዳዋን ጽጌረዳ ያያል፤ እሷ እወጋሃለሁ ትለዋለች፤ እሱ ይቀጥፋታል። ሦስተኛውን ቤት እንደ መጀመሪያው በፈገግታ የዘፈነ ተማሪ ኖታውን ሁሉ አሟልቶ ዘፈኑን ስቶታል። ድምፁ ያልጸና ወጣት ይህን የአተረጓጎም ሥራ ሊማር የሚችለው ጉሮሮው በማይጨነቅበት ዘፈን ነው፤ በትልቅ የኦፔራ አሪያ ውስጥ ሐሳቡን ሁሉ የሚወስድበት ከፊቱ ያለው ከፍተኛ ኖታ ነውና።

የበርንስታይን «ላ ቦን ኩዊዚን» (1948) በተቃራኒው የሚያታልል ነው። አራት የፈረንሳይኛ የምግብ አሠራር መመሪያዎች በዜማ ይነገሩበታል፤ ከእነሱም አንዱ ስለ በሬ ጭራ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥንቸልን በጥድፊያ ስለማብሰል ነው። መንፈሱ ጨዋታ ነው፤ ምላስና ትንፋሽ ግን ፋታ አያገኙም። ቀልዱ የሚሠምረው እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ሲሰማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የሳቅ ሥራ ዘፋኙ በዛለበት በዝግጅቱ መጨረሻ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ከእረፍት በኋላ ወዲያው ቢቀርብ እመርጣለሁ፤ አድማጭ ለመሳቅ ማምሸት አያስፈልገውም።

ለተማሪ ለጉሮሮው የሚቀል ዘፈን መምረጥ ሁለት ተቃውሞ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የክብር ነው፤ ቀለል ያለ ዝርዝር የትምህርት ቤቱን ደረጃ ያወርዳል ይባላል። ይሁንና የደረጃው መለኪያ ራሱ ምን ያህል ከባድ ነው? አሌሳንድሮ ፓሪሶቲ ከ1885 ጀምሮ ያሳተመው የጥንት ዘፈኖች ስብስብ «አሪዬ አንቲኬ» በብዙ አገር የድምፅ ተማሪ መነሻ ነው። በውስጡ በፐርጎሌዚ ስም የገባው «ሴ ቱ ማሚ» ዛሬ የራሱ የፓሪሶቲ ድርሰት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪ እንኳ ለባሌቱ «ፑልቺኔላ» (1920) የፐርጎሌዚ ነው ብሎ ወስዶታል። ቃሉም ብትወደኝ ደስ ይለኛል፣ አንተን ብቻ እንደምወድ አስበህ ግን አትታለል እያለች እረኛውን የምታሽኮረምም ሴት ጨዋታ ነው። በጥንታዊነቱ የተከበረው የክፍል ዘፈን፣ ዕድሜውን አሳስቶ የተከበረ ጨዋታ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስባል፦ ተማሪ ካልተፈተነ አያድግም። እውነት ነው። ፈተናው የሚጠቅመው ግን መምህሩ አስቁሞ ማረም በሚችልበት የልምምድ ክፍል ነው። መድረክ ላይ ማቆም የለም፤ ፍርሃቱም ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ትላንት የተደረሰበትን ኖታ ዛሬ ያርቃል። በአቅም ጫፍ ላይ የቆመ አንድ ዘፈን ለአንድ ምሽት ይበቃል።

ለድምፅ መቅለሉ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ደግሞ የሳቲ «ዠ ቱ ቩ» ያሳያል። ለዘፋኟ ፖሌት ዳርቲ የተሠራ ዝግተኛ ቫልስ ነው፤ ድምፅን ብዙም አያስጨንቅም። ግጥሙ ግን ያልተሸፈነ የሥጋ ናፍቆት ነው። ለ17 ዓመት ልጅ ሲመርጡላት በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የፍቅር ዘፈን» ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ አዳራሹ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ዘመድ መኖሩ አይቀርም።