የድብ ሐሞት፤ ከጥንት መድኃኒትነት እስከ ዘመናዊ ምርምር

በአማርኛ ሐሞት የተባለው ቃል ጉበት የሚያመነጨውን መራራ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን ወኔንና ቈራጥነትንም ያመለክታል፤ ፈሪ ሰው «ሐሞተ ቢስ» ይባላል። በቻይናውያንም ቋንቋ የሐሞት ከረጢት ስም የድፍረት መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። በቻይና ግን ሐሞት በንግግር ብቻ ሳይወሰን የታወቀ መድኃኒት ሆነ።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ659 ዓ.ም.፥ በታንግ ነገሥታት ዘመን በወጣው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የድብ ሐሞት ተጠቅሷል። የጥንት ባለመድኃኒቶች የሰውነትን ሙቀት ያበርዳል በማለት ለትኩሳት፥ ለጉበትና ለዓይን ሕመም ያዙት ነበር። ልማዱም ወደ ጃፓን ተሻግሮ ሆድ ለታመመ ሰው መፈወሻ ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. ጃፓናዊው ሊቅ ሾዳ በኦካያማ ከድብ ሐሞት አንድ አሲድ ለይቶ በማውጣት፥ ድብ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል «ኡርሶዴኦክሲኮሊክ» ብሎ ሰየመው። የዚያው ዓመት የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ስለ ሐሞት አሲዶች ለመረመረው ለጀርመናዊው ለሃይንሪሽ ቪላንድ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር እንዳስረዳው፥ ጉበት የሐሞት አሲዶችን ከኮሌስትሮል ይሠራል፤ እነርሱም በአንጀት ውስጥ ቅባትን ያሟሟሉ። ከመቶ 95 ያህሉ በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ተመጥጠው ወደ ጉበት ይመለሳሉ፤ የቀሩትን በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይለውጧቸዋል። ይህ ዑደት ሲታወክ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሐሞት መውጫ አጥቶ በጉበት ሲጠራቀም ደግሞ ጉበቱን ይጐዳል። የድቡ አሲድ ከሌሎቹ ይልቅ ለዘብ ያለ በመሆኑ ጉበትን ይጠብቃል፤ የኮሌስትሮል ጠጠርንም ያሟሟል። ስለዚህ የጥንቶቹ ሰዎች የሰጡት ምክንያት የዛሬው ሳይንስ ከሚሰጠው ቢለይም፥ ለጉበት ይበጃል ማለታቸው ከንቱ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህ አሲድ የድብ ብቻ አይደለም። በሰው አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎችም በጥቂቱ ይሠሩታል፤ የጃፓን ኬሚስቶችም በ1950ዎቹ ዓመታት ከከብት ሐሞት በተገኘ አሲድ ሊያዘጋጁት ችለዋል። ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ፥ ከ1980ዎቹ ወዲህ በቻይና ብዙ ድቦች በሕይወታቸው በጠባብ ሳጥን ተዘግተው፥ ሆዳቸው ተበስቶ ሐሞታቸው ይቀዳ ጀመር። ታማሚው የሚሻው ፈውስ ከቄራ ከሚወጣ የከብት ሐሞት ሊገኝ እየቻለ ድቡ የሚሠቃየው፥ ልማዱ ከመድኃኒቱ ይልቅ የአውሬውን ስም አጥብቆ ስለያዘ ነው።