ዜና መልእክታት ዘኤለን ቴሪ

ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ በነገሡ በ10ኛው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1847፣ ኤለን ቴሪ በኮቨንትሪ ከተማ ተወለደች። አባትና እናቷ ከአገር አገር እየዞሩ ቲያትር የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። በ1856 የ9 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለንደን በሚገኘው በፕሪንሰስ ቲያትር፣ ንግሥቲቱ ተቀምጠው እያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች። የተሰጣትም በሼክስፒር «የክረምት ተረት» ውስጥ ማሚሊየስ የተባለው የሕፃን ልዑል ክፍል ነበረ። በዚያው ዓመት በደብሊን ከተማ ጆርጅ በርናርድ ሾው ተወለደ፤ የእርሱን ነገር በቦታው እናመጣዋለን።

17 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት ለሠዓሊው ለጆርጅ ዋትስ ተዳረች፤ እርሱ የ46 ዓመት ሰው ነበረ። ትዳሩ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ኋላም ከኤድዋርድ ጎድዊን ከተባለ የሕንፃ ነዳፊ ጋር ያለ ቃል ኪዳን ኖራ ኤዲትንና ጎርደንን ወለደች። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነውር ነበርና ብዙ ቤት በሯን ዘጋባት። ሆኖም ትታው ወደ ነበረው መድረክ በ1874 ስትመለስ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት።

ከዚህ በኋላ በ1878 ዲሴምበር የላይሲየም ቲያትር ጌታ ሄንሪ ኢርቪንግ ጠራትና በ«ሐምሌት» ኦፌልያን ሆና ተጫወተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ 24 ዓመት ያህል ከእርሱ ጋር ሠራች። በ1888 ሌዲ ማክቤትን ስትጫወት የለበሰችው ቀሚስ በአረንጓዴ የጥንዚዛ ክንፍ የተሰፋ ነበረ፤ መብራት ሲያርፍበት እንደ እባብ ቆዳ ያብረቀርቅ ነበርና ሠዓሊው ሳርጀንት በዚያው ልብስ ሣላት። ነገር ግን ቲያትሩን የሚመርጠው ኢርቪንግ ነበረ። የራሱ ክፍል የማያምርበትን ድርሰት አያነሣም። ኤለን በሼክስፒር ድርሰት ያለችውን ሮዛሊንድን ለመጫወት ዘመኗን ሁሉ ስትመኝ ኖረች፤ ዕድሉን ግን አላገኘችም።

እንዲህም ሆነ፤ በ1892 ኤለን የምትወዳት አንዲት ወጣት ዘፋኝ ነበረችና ስለ ድምፅዋ የባለሙያ ፍርድ ፈልጋ «ዘ ወርልድ» ለተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ ጻፈች። አዘጋጁም ደብዳቤውን ለጋዜጣው የሙዚቃ ተቺ ሰጠው፤ ተቺውም ያ በደብሊን የተወለደው ሾው ነበረ። እርሱም ዘፋኟን ሰምቶ ያለ ማቆላመጥ እውነቱን ጻፈላት። ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ከ1895 ወዲህ ሾው በ«ሳተርዴይ ሪቪው» የቲያትር ተቺ ሲሆን ደግሞ ደብዳቤው እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ።

ሁለቱም የሚኖሩት በለንደን ነበረ። ፖስታም በቀን ብዙ ጊዜ ይታደል ስለ ነበረ፣ ጠዋት ለተጻፈ ማታ መልስ ይደርስ ነበር። ሆኖም ፊት ለፊት አልተገናኙም፤ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ነገሩ እንዳይበላሽ ፈሩ። አንድ ጊዜ ግን ኤለን አላስቻላት ብሎ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አየችው፤ ማየቷንም አልደበቀችም፣ ጻፈችለት። እርሷ ስትጽፍ ቃሉን እየደጋገመች ታሰምርበታለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ በሰረዝ ዘልላ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ስለ ዓይኗ መድከም፣ ቃል ስለ መርሳቷ፣ ስለ ልጆቿም ሐሳብ ትነግረው ነበር። በመድረክ ላይ የማትናገረውን ሁሉ በወረቀት ተናገረች።

በ1896 ሴፕቴምበር ላይሲየም የሼክስፒርን «ሲምበሊን» ሊያሳይ ሲሰናዳ ኤለን ኢሞጀንን ትጫወት ዘንድ ሆነ። አስቸጋሪው ቦታ ኢሞጀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ራስ የሌለው ሬሳ አጠገቧ የምታገኝበት ነው። ሾው ይህን አንድ ቦታ ይዞ በረጅሙ ጻፈላት፦ መጀመሪያ ዓይኗ ምን ያያል? ሬሳ መሆኑንስ የምታውቀው በየትኛው ቃል ላይ ነው? ከድርሰቱ የተቆረጠውንም እየቆጠረ ከሰሳት። እርሷም እንደ ተማሪ ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ ያሰበችበትን አሳየችው፣ የሚጠቅመውን ወሰደች፣ የማይሆነውን መለሰች። ቲያትሩም ሲታይ ሾው ሼክስፒርን በጋዜጣ ክፉኛ ነቅፎ እርሷን አመሰገነ።

ሾው ደግሞ ስለ ናፖሊዮን የሚናገር «የዕጣ ፈንታ ሰው» የተባለ አጭር ድርሰት ጽፎ ነበር፤ ኤለንም ኢርቪንግ እንዲያሳየው ደከመች። ኢርቪንግ ግን ነገሩን አጓተተው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ኢርቪንግ «ሪቻርድ 3ኛ»ን ሲጫወት ሾው የጻፈው ትችት «ኢርቪንግ ሰክሮ ነበር» እንደማለት ተቆጠረበት፤ ስለዚህ ድርሰቱ ተመለሰ። ኤለንም በሁለቱ ወንዶች መካከል ገብታ ብዙ ተጨነቀች፤ ሆኖም የጌታዋን ቤትም አልተወችም፣ ደብዳቤውንም አላቋረጠችም።

ሾው ሻርሎት ፔይን ታውንሼንድን ለማግባት ሲያስብ ለኤለን ነገራት፤ እርሷም መከረችው፤ በ1898ም አገባ። የኤለን ልጅ ጎርደን ልጅ በወለደ ጊዜ፣ «ለአያት የሚሆን ድርሰት ማን ይጽፋል?» ማለቷን ሰምቶ ነበርና በ1899 «የካፒቴን ብራስባውንድ መለወጥ» የተባለውን ጻፈላት። ነገሩ በሞሮኮ የሚሆን ነው፤ በወንዶች ሁሉ መካከል ያለችው ሴት ሌዲ ሲስሊ ብቻ ናት። ኤለን ግን በመጀመሪያ ይህ ለእኔ አይሆንም አለች። በ1900 ዲሴምበር ይኸው ድርሰት በሌላ ተዋናይት ሲታይ ሁለቱ ከመድረኩ በታች በመጨረሻ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው እየቀነሰ ሄደ። ኤለን በ1902 ከላይሲየም ወጣች፤ ኢርቪንግም በ1905 ሞተ። እርሷም በ1906፣ መድረክ ላይ በወጣች በ50ኛው ዓመት፣ ሌዲ ሲስሊን በኮርት ቲያትር ተጫወተች።

ኤለን በ1925 «ዴም» በተባለው የክብር ማዕረግ ተሾመች፤ ጁላይ 21 ቀን 1928 በኬንት አውራጃ በስሞልሃይዝ ቤቷ ዐረፈች። ከሞተች በኋላ በደብዳቤው ነገር በልጆቿ መካከል ጠብ ተነሣ። ኤዲት ይታተም አለች፤ ጎርደን ግን የእናቴ ምሥጢር ለገበያ አይወጣም ብሎ ተቃወመ። በ1931 ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ ወጡ፣ ሾውም መቅድም ጻፈላቸው። ጎርደንም በዚያው ዓመት ስለ እናቱ የራሱን መጽሐፍ አውጥቶ መለሰ።

ልጅ የእናቱን ገመና መሸፈኑ ወግ ነው፤ በዚህ ጎርደን አይነቀፍም። ነገር ግን መጽሐፉ ባይወጣ ኖሮ ሰው ኤለንን የሚያውቃት በሥዕልና በተቺዎች ቃል ብቻ ነበረ፤ እንዴት እንዳሰበችና ከሾው ጋር እንዴት እንደ ተከራከረች ማንም ባላወቀ። በላይሲየም ቃሉ የሼክስፒር፣ ትእዛዙ የኢርቪንግ ነበረ፤ የደብዳቤው ቃልና ፈቃድ ግን የራሷ ነው።