«ቲቸር፣ ይጻፉልንና እንገልብጠው»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ስለ ሰፈራችሁ አምስት መስመር ጻፉ» አልኳቸው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፉልንና እንገልብጠው» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ችግሩ ከሱ በፊት የቆየ ነው።

እኛ ላስታዎች ፊደል ብርቃችን አይደለም። በየደብሩ የኔታ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ልጅ ከፊደል ገበታ ይነሳና አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ እያለ ዳዊት ይደርሳል። ንባቡም ደረጃ አለው፦ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ቀደም ያለው ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል። 150ውን መዝሙር ሲጨርስ ቤተሰብ ይደግስለታል። ልጅን አንድ በአንድ ለማስነበብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም።

የጎደለው ብዕር ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ይጽፋል ማለት አልነበረም። ጽሕፈት የቁም ጸሐፊው ሙያ ነው፤ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ መቅረጽ ይጠይቃል። እንዲያውም የሚጽፍ ሰው አስማት ይጽፋል ተብሎ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። የራስን ሐሳብ ማውጣት የሚጀመረው ቅኔ ቤት ነው። እዚያ ያደረ አይደገምም፤ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። ግን ስንቱ ቅኔ ቤት ይደርሳል?

ቀጥሎ ደርግ መጣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። አያቴ ያኔ ስሟን መጻፍ ተማረች። ከዚያስ? ቤት ውስጥ የሚነበብ ወረቀት የለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍላት የለ። እኔ ነፍስ ሳውቅ አያቴ ቀበሌ ሄዳ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ፊደሉ ሥራ ሲፈታ ጠፋባት።

የኛስ ክፍል? እኛ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ እነሱ ይገለብጣሉ። እስከ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድረስ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ መምረጥ ነው። ማንም «አንተ ምን ታስባለህ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። በዚያ ላይ ጦርነቱ ትምህርታቸውን ስንቴ አቋርጦባቸዋል።

እናም ከቅኔ ቤት ተበደርኩ። ዘወትር ሰኞ አምስት መስመር፣ የራስ፣ አዲስ። ቆሞ ለክፍሉ ያነባል። ቀይ እስክሪብቶ የማወጣው በመጨረሻ ነው፤ የሀ እና የሐ ስህተት ይደርሳል።

ያ «እንገልብጠው» ያለኝ ልጅ ዛሬ ሦስት መስመር አመጣ። አባቱ አስጎብኚ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ ወደ እርሻ ተመለሰ፤ ማታ ማታ ግን ለልጆቹ እንግሊዝኛ ያወራላቸዋል። አንብቦ ሲቀመጥ ክፍሉ አጨበጨበለት። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ዓይኔን እንዳያዩኝ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተንም ብዙ አስገልብጫችኋለሁ፤ ይቅርታ። ኮሜንት ላይ አምስት መስመር ጻፉልኝ። የራሳችሁን!